የማይመለስ ምርቃት

አንድ ጀልባ ነጂ ነበረ። ሥራው በሐይቁ መካከል ካለችው ደሴት ሰው አሳፍሮ ወደ ገበያው ዳርቻ ማድረስ፣ ገበያው ሲፈታ ደግሞ ሰውንም እህሉንም ወደ ደሴቷ መመለስ ነበር። አንለይ ይባላል። ባሌ ነበር። ነገሩን እንደ ተረት የጀመርኩት በሌላ መንገድ ልጽፈው ስነሣ እጄ እምቢ ስላለኝ ነው።

ሐይቁ ጠዋት ጠዋት የዋህ ነው። ከቀትር በኋላ ግን ከምዕራብ ንፋስ ይነሣና ሌላ ሐይቅ ይሆናል። በዳርቻውና በደሴቷ መካከል ከውኃው ብቅ ያሉ ጥቁር ድንጋዮች አሉ። ከገበያ የሚመለስ ጀልባ ንፋሱ ሳይነሣ እነዚያን ድንጋዮች ካለፈ ሰው እራቱን ቤቱ ይበላል። ካላለፈ ሞገዱ ወደ ድንጋዮቹ ይገፋዋል። ስለዚህ በእኛ ሐይቅ የሞተር ጉልበት የሰው ዕድሜ ማለት ነው።

የአንለይ ሞተር ከጀልባው ኋላ የሚታሰር ትንሽ ሞተር ነበር። ይህ ዓይነቱ ሞተር እንደ መኪና ለብቻው የዘይት ቦታ የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፤ ብረቱን እያለሰለሰ ያልፋል፤ በመጨረሻም አብሮ ይቃጠላል። ልክ አለው። ዘይቱ ካነሰ ብረት ከብረት ይፋተግና ሞተሩ በሥራ ላይ እንዳለ ደርቆ ይቆማል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ከበዛ ምን እንደሚሆን ግን በዳርቻው የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ዘይት ቢበዛ ምን ይጎዳል? ቅቤ የበዛበት ወጥ ማንን ገደለ?

ቤንዚንና ዘይት የሚሸጡት አያ ይርሳው ናቸው። የግማሹ ጀልባ ነጂ የክርስትና አባት ናቸው፤ የተጣላም የሚታረቀው በእሳቸው ደጅ ነው። ዘይቱን በጣሳ ለክተው ወደ ጀሪካኑ ይገለብጣሉ፤ ከዚያ ጣሳውን መልሰው ዘይቱ ውስጥ ይነክሩና ከልኩ በላይ ደህና አድርገው ይጨምራሉ።

«ይኸው ምርቃት!» ይላሉ። «በሰላም ያግባህ!»

ነጂው ራሱን ዝቅ አድርጎ «አሜን» ይላል። ሌላ ገበያ ላይ ምርቃት ማለት ሻጭ ደንበኛውን ለማስደሰት ጣል የሚያደርጋት ነገር ናት፤ አንድ ሽንኩርት፣ አንድ ጭብጥ ገብስ። በአያ ይርሳው ደጅ ግን ዘይቱና ጸሎቱ አንድ ላይ ነበር የሚፈስሰው። አንዱን ከአንዱ መለየት የሚችል ሰው አልነበረም።

ለምን እንደሚጨምሩም ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ልጅ ነበራቸው። ያ ልጅ ዘይት ቆጥቦ በቀላቀለው ቤንዚን ወጣና ሞተሩ ሐይቁ መካከል ደረቀበት። ጀልባው ተገኘ፤ እሱ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ የአባትየው እጅ በልክ ቆሞ አያውቅም።

የአንለይ ሞተር ጉልበት ያጣው ቀስ በቀስ ነው፤ የሌሎቹም እያደር ይደክም ነበር፣ የእሱ ግን ቀደመ። ሲያስነሡት ይነሣል። ጀልባው ባዶ ሲሆን ጥሩ ይሄዳል። ሰውና እህል ሲጫንበት ግን ቤንዚን በሰጡት ቁጥር ድምፁ ይወፍራል፣ ፍጥነቱ ግን ያው ነው። አፉ ላይ ብርድ ልብስ የጣሉበት ሰው ይመስል ነበር።

ተሳፋሪ ደግሞ ዝም አይልም።

«አንለይ፣ ሞተርህ ጾም ያዘ እንዴ?»

«እትዬ ገዳምነሽ ሲወርዱ ይፈጥናል» ይላል ሌላው፣ ግዙፏን ጎረቤታችንን በጎን እያየ።

«እኔን ተወኝና ያንን ጤፍህን አውርድ!» ትለዋለች። «ጤፉ አፍ ስለሌለው ነው በእኔ የምትመጣው?»

ይሳቃል። አንለይም አብሮ ይስቃል። ዓይኑ ግን ከምዕራቡ ሰማይ ላይ አይነሣም ነበር።

መፍትሔ ያልሞከረው የለም። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ለወጠ፤ ሞተሩ ትንሽ ነቃ ብሎ መልሶ ደከመ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቀልበትን ካርቡሬተር ፈትቶ አጠበ። ቤንዚኑን በጨርቅ አጠለለ። ውኃ ውስጥ የሚሽከረከረውን ክንፍ ጎብጧል ብለውት በአዲስ ተካው። ቄሱም መጥተው ጠበል ረጩለት። አያ ይርሳውማ ጭንቅ ያዛቸው።

«ደክሞታል» አሉ። «የደከመ ይጠጣ።» ምርቃቱን ጨመሩለት። ሞተሩ ባሰበት።

በመጨረሻ ሞተሩን ፈትቶ በገበያው ከተማ ወደሚሠራው መካኒክ፣ ወደ ፈንታሁን ወሰደው። የገበያ ቀን ስለነበር እኔም አብሬው ነበርኩ።

ፈንታሁን ምንም ሳይፈታ የማስነሻውን ገመድ ቀስ ብሎ ሳበ። ዓይኑን ጨፍኖ እጁ ላይ የሚመጣውን ግፊት አዳመጠ። «ደረቱ አልላላም» አለ፤ ፒስተኑን ማለቱ ነው። ካንዴላውን ነቅሎ ብልጭታውን አየ። «እሳትም አለው።» ቤንዚኑ የሚገባበትን መንገድ ተከተለ። «ይበላልም።» ከዚያ የካንዴላውን ጫፍ ወደ አንለይ አዞረ። ጥቁር ነበር፤ በዘይት ርሷል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው የሚወጣው?»

«ሁልጊዜ። ያኔ እጥለውና አዲስ እከታለሁ።»

«እሱ ሊነግርህ ይመጣል፣ አንተ ትጥለዋለህ!»

ፈንታሁን የጭስ መውጫውን ክዳን ፈታና እንድናይ ጠራን። የተቃጠለው ጭስ ከሞተሩ ሆድ የሚወጣበት ጠባብ መስኮት አለ። ጥቀርሻ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ፣ በላዩ ላይ ሌላ ጥቀርሻ ተጋግሮ፣ መስኮቱ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም።

«መግቢያውን ስታክሙ ከረማችሁ» አለ ፈንታሁን። «የታመመው መውጫው ነው። በዚህ ሞተር አዲሱ ትንፋሽ የሚገባው አሮጌው ሲለቅለት ነው። አሮጌው መውጫ አጥቶ ውስጥ ከተቀመጠ አዲሱ በየት ይግባ? አንተ ደግሞ አልሄድ ሲልህ ቤንዚን ትጨምርለታለህ።»

«ጥቀርሻው ከየት መጣ?»

«ከዘይት። ከልክ በላይ ነው የምታጠጣው። ማነው የሚለካልህ?»

«አያ ይርሳው።»

«ልክ አያውቁም?»

«በደንብ ያውቃሉ። በልክ ነው የሚለኩት። ምርቃቱ ነው እንጂ...» አለና አንለይ በመካከል አቆመ።

ፈንታሁን ሳቀ። «በል ምርቃቱን መልስላቸው።»

አንለይ አልሳቀም። «ምርቃት ደግሞ ይመለሳል?» አለ።

ፈንታሁን ብረቱ እንዳይጫር በተቀረጸ እንጨት ጥቀርሻውን ፋቀው። የከሰል ፍርፋሪ ይመስል ነበር የሚወርደው። በዚያን ዕለት ስንመለስ ጀልባው አፍንጫውን ከውኃው አነሣ። ድንጋዮቹን ያለፍናቸው ንፋሱ ገና ሳያስብ ነው።

«ምን አብልተኸው ነው?» ብላ ጮኸች ገዳምነሽ።

«ምንም አላበላሁትም። አስወጣሁለት።»

«ኧረ እኔንም ውሰደኝ እዚያ ሰውዬ ዘንድ!» ጀልባው በሳቅ ተናወጠ። አንለይ ከልቡ ሲስቅ ያየሁት የመጨረሻው ቀን ያ ይመስለኛል።

በሚቀጥለው ገበያ ጀሪካኑን ይዞ አያ ይርሳው ፊት ቆመ። ልኩን ገለበጡለት። ጣሳውን መልሰው ሊነክሩ ሲሉ፣ «አያ፣ ዛሬ ልኩ ይበቃኛል» አላቸው።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከኋላ የተሰለፉት ነጂዎች አንገታቸውን አሰገጉ።

«ምን አልክ?»

«መካኒኩ ዘይት በዝቶበታል አለኝ። ለሞተሩ ብዬ ነው።»

«ለሞተሩ» አሉ አያ ይርሳው። «እኔ ዘይት ያነሰውን ሞተር አይቼዋለሁ፣ ልጄ። ያንን ደግሜ ልይ?»

አንለይ ጀሪካኑን አቀረበ። ፈሰሰለት። «በሰላም ያግባህ!» አሉት። «አሜን» አለ።

ቤት ሲመጣ፣ «ለምን ከሌላ ሰው አትገዛም?» አልኩት። «ከተማው ውስጥ ዘይት ያልገባበት ቤንዚን አለ፤ ዘይቱን ራስህ ትለካለህ።»

«ደጃቸውን አልፌ ስሄድ ቢያዩኝ ይሞታሉ።»

«ሰው በዚህ አይሞትም።»

«አንቺ ፊታቸውን አላየሽውም» አለኝ።

ፈንታሁን መላ አበጀለት፤ ምርቃቱን መመለስ ካልቻልክ ሞተሩን ቶሎ ቶሎ አምጣልኝና ልፋቅልህ አለው። ለጥቂት ጊዜ እንዲሁ አደረገ። ዳርቻ ላይ ግን ምስጢር አይቀመጥም። አያ ይርሳው ሰሙ። «እኔ የመረቅሁትን ሞተር በመካኒክ ያስመረምራል» ብለው በሰው ፊት እንባ አፈሰሱ። ሽማግሌዎች አንለይን ገሠጹት። «አባትህን አታሳዝን» አሉት። አንለይ ፈንታሁን ዘንድ መሄዱን ተወ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር። የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት የማይችል ሰው ነበር።

ሞተሩ እንደገና ድምፁ ወፈረ።

የፋሲካ ገበያ ዕለት ሰው በግና ዶሮ ይዞ ጀልባውን ሞላው። እኔ ደሴቷ ላይ ቀርቼ ነበር። የሆነውን የነገረችኝ ገዳምነሽ ናት። ንፋሱ ያን ቀን ቀድሞ ተነሣ። አንለይ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ሞተሩ አልጠፋም። ይህን ደጋግማ ነው የነገረችኝ። ጠፍቶ ቢሆን መቅዘፊያ ይይዙ ነበር፤ ሞተሩ ግን እየሠራ፣ እያጓራ፣ ጀልባውን ሳያራምድ ቆየ። ሁሉም አሁን ይነሣል፣ አሁን ይነሣል እያለ ጠበቀ። «እህሉን ጣሉ!» ብሎ ጮኸ አንለይ። ጣሉት። በጎቹንም ጣሉ። ሞገዱ ጀልባውን በጎኑ ወደ ድንጋዮቹ ወሰደው።

ያን ጊዜ አንለይ ዘሎ ወረደ። በጀልባውና በድንጋዩ መካከል ገብቶ ጀርባውን ለጀልባው ሰጠ፤ ጀልባው ሳይሰበር ሰው በላዩ ተሻግሮ ድንጋዩ ላይ እንዲወጣ። «ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ» ይል ነበር አለችኝ ገዳምነሽ። ከዚያ በቀር ቃል አልተናገረም። ሁሉም ወጡ። የመጨረሻዋ እሷ ነበረች። እጇን ልትሰጠው ዞር ስትል ሌላ ሞገድ መጥቶ ጀልባውን በእሱ ላይ ገፋው።

በልቅሶው ላይ አያ ይርሳው ደረታቸውን እየደቁ፣ «ምን አጎደልኩበት? ሰዎች ንገሩኝ፣ ምን አጎደልኩበት?» ይሉ ነበር። ሰውም እየደገፋቸው፣ «ምንም አላጎደሉበትም፣ አያ። የእግዜር ሥራ ነው» ይላቸው ነበር።

ልቅሶው ካለፈ በኋላ ፈንታሁን ከድንጋዮቹ ሥር የወጣውን ሞተር ከፈተው። እኔንም አያ ይርሳውንም አስጠራን። እሳቸው ሌባ ጣታቸውን ወደ ጭስ መውጫው መስኮት ሰደዱ። አልገባም። ትንሿን ጣታቸውን ሞከሩ፤ ጫፏ ብቻ ገባች። ሲያወጧት ጠቁራለች።

«ከምንድን ነው ይኼ?» አሉ።

የመለስኩት እኔ ነኝ።

«ከምርቃቱ ነው፣ አያ።»

ጣታቸውን በልብሳቸው ጠረጉ፤ ጥቁረቱ አልለቀቀም። «የእኔ ልጅ ዘይት በማነሱ ነው የሞተው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው።

«አውቃለሁ። የእኔ ባል በመብዛቱ ነው።»

«ምነው በነገረኝ?»

«ልኩ ይበቃኛል ብሎዎት ነበር።»

እዚያው የሞተር ዕቃ በተበተነበት መሬት ላይ ተቀመጡ። ልረግማቸው አስቤ ነበር የሄድኩት። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ያጣነው በአንድ ሐይቅ ነው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እንደ ወትሮው ነጂዎቹ ተሰለፉ፤ እኔም ከአያ ይርሳው ደጅ ቆሜ ነበር። አያ ይርሳው የመጀመሪያውን ጀሪካን ሞልተው ዘይቱን ለኩ፤ ገለበጡ፤ ጣሳውንም አስቀመጡት። ነጂው ግን አልተንቀሳቀሰም።

«አያ፣ ምርቃቱን ረሱት» አላቸው።

«አልረሳሁም። ልኩ ይኼ ነው።»

«ምን አስቀየምኩዎ?»

«ምንም። አንለይን ያነቀው የእኔ ምርቃት ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሰልፉ ተንጫጫ። «አንለይን የወሰደው ሐይቁ ነው!» አለ አንዱ። «ሐዘን አናውጧቸው ነው፣ ተዉአቸው» አለ ሌላው። «ያለ ምርቃት ወደዚያ ውኃ ሊልኩን ነው?» አለ ሦስተኛው። ከኋላ ደግሞ አንድ ድምፅ መጣ፦ «የራስዎን ልጅ የገደለው የዘይት ማነስ አይደል?»

ያ ቃል ጨረሳቸው። ወደ እኔ አዩ። ራሴን ነቀነቅሁላቸው፤ አይሆንም ለማለት ነው። እጃቸው ግን ጣሳውን አንሥቶ ነበር። ፈሰሰ። «አሜን!» አለ ነጂው፣ ፊቱ በርቶ። ቀጣዩም ቀረበ፤ ለእሱም ፈሰሰ። የዚያን ዕለት በሰልፉ ላይ ከነበሩት ሁሉ የጀሪካኑን አፍ በመዳፉ የሸፈነ ደረበ የሚባል ነጂ ብቻ ነው። ዘይቱ በእጁ ጀርባ ላይ ወረደ።

«ልኩ ይበቃኛል፣ አያ» አለ። «ምርቃቱን በአፍዎ ይስጡኝ።»

አያ ይርሳው ጣሳውን ጣሉ። የደረበን ራስ በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁት፤ እንዲህ አድርገው ማንንም ሲመርቁ አይቼ አላውቅም። የተሰለፉት ግን እርስ በርስ ተያዩ። ዛሬም በዳርቻው የደረበ ስም ጥጋበኛው ነው። የሽማግሌ ምርቃት የመለሰ ይሉታል። ጀልባው ድንጋዮቹን በጊዜ ያልፋል፤ ይህን የሚያነሣለት ሰው ግን የለም።

አንባቢ ሆይ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ጉልበት ያጣ ሰው ወይም ነገር ስናይ ወዲያው የምንጠይቀው ምን ጎደለው ብለን ነው። ከዚያ እንጨምርለታለን፤ ምግብ፣ ምክር፣ ገንዘብ፣ ፍቅር፣ ጥበቃ። ምን በዛበት፣ ምንስ መውጫ አጣ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከሞተ በኋላም ምን አጎደልኩበት ብለን ደረታችንን እንደቃለን። ወደ እኔም ቤት ሰው ይመጣል፤ ብዪ፣ ጠጪ፣ በርቺ ይለኛል። እስኪ የሆዷን ልስማ ብሎ፣ ፈንታሁን ሞተሩን እንዳዳመጠው የሚያዳምጠኝ ሰው ግን ብርቅ ነው። ስጦታ ሁሉ ልክ አለው። ከልኩ በላይ የምንሰጠው ብዙ ጊዜ የራሳችንን ፍርሃት ነው፤ የሚሸከመው ግን ተቀባዩ ነው። መቀበል የሰለቸው ሰው ደግሞ እንደ አንለይ ሊያሳዝነን ስለማይፈልግ አሜን ይለናል።

የምትወዱት ሰው ነገ እጁን አንሥቶ «ልኩ ይበቃኛል» ቢላችሁ፣ ትሰሙታላችሁ ወይስ ትቀየሙታላችሁ?